ጀርባ ለጀርባ የተሣለ ክፍል

መምህሩ ክፍል የሚገባው ሁልጊዜ ካርቶን ታቅፎ ነው። ካርቶኑ የቴሌቪዥን ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ከተጣለ ቆይቷል፣ ካርቶኑ ግን ጥጉ በፕላስተር እየታሸገ እስከ ዛሬ ያገለግላል። ውስጡ የማይሠራ ስልክ፣ ባዶ የሳሙና ፓኮዎች፣ የላስቲክ ሙዝና ብርቱካን፣ ቆጣሪው የወለቀ የግድግዳ ሰዓት፣ ያረጁ የአውቶቡስ ትኬቶች፣ አንድ የግራ እግር ጫማ አለ። ተማሪዎቹ በስልኩ ሐኪም ቤት ይደውላሉ፤ በፓኮዎቹ ሱቅ ይከፍታሉ፤ ጫማውን ደብቀው «ከጠረጴዛው ሥር ነው? ከመጋረጃው ኋላ ነው?» እየተባባሉ ይፈልጉታል። ሁሉም ከሥራ ወጥተው የሚመጡ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ አፍረው ነበር፤ በኋላ ግን ጫማውን እኔ ልደብቅ እኔ ልደብቅ እያሉ መጣላት ጀመሩ። መምህሩን ከኋላው «ጋሽ ካርቶን» ይሉታል። እሱም ያውቃል።

ከካርቶኑ መጀመሪያ የሚወጣው ቃጭሉ ነው። በክፍሉ ውስጥ የሚነገረው የሚማሩት ቋንቋ ብቻ ነው። በራሱ ቋንቋ ቃል ያመለጠው ሰው ቃጭሉን አንገቱ ላይ ያስራል፤ ሌላ ሰው እስኪሳሳት ድረስ ይዞት ይቆያል፤ ትምህርቱ ሲያልቅ ቃጭሉ የተገኘበት ሰው ሰሌዳውን ጠርጎ ወንበሮቹን ይደረድራል። ቃጭሉን አዘውትሮ የሚያስረው ፀጉር አስተካካዩ ነበር። ደንበኞቹን ሲያዋራ የሚውል አፍ እዚህ ሲደርስ ዝም በል ቢሉት አይሰማም።

ፋርማሲስቷ ቃጭሉን አስራው አታውቅም። ከፊት፣ መስኮቱ አጠገብ ትቀመጣለች፤ የተጠየቀችውን መልሳ ዝም ትላለች። የምትሠራበት መድኃኒት ቤት ከሩቅ አገር የሚያስመጣቸው መድኃኒቶች ማብራሪያቸው በዚህ ቋንቋ ስለሆነ ነው የተመዘገበችው። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ የሚቀመጠው የአሳንሰር ጠጋኝ ደግሞ አዳዲሶቹ አሳንሰሮች ከዚያው አገር ስለሚመጡ ነው የተመዘገበው። ከተማው ውስጥ ቋንቋውን የሚያስተምር ሌላ ክፍል የለም። ቢኖር ኖሮ ከሁለቱ አንዳቸው ወደዚያ በሄዱ ነበር፤ ምክንያቱም እህትና ወንድም ናቸው፣ ከተነጋገሩ ደግሞ ዓመት አልፏቸዋል።

ይህን የጠረጠረው ፀጉር አስተካካዩ ብቻ ነው። አንድ ቀን ደረጃው ላይ፣ ቃጭሉ በማይደርስበት ቦታ፣ አስቆማት።

«ያ በሩ ጋ የሚቀመጠው ልጅ ምንሽ ነው?»

«ምኔም አይደለም።»

«አፍንጫሽን ታዲያ ማን ሰጠው? እኔ እኮ እህቴ፣ እንጀራዬ ፊት ነው።»

ደረጃውን ወረደች።

ወንድሟን ቤተሰቡ «ብሎን» ይለዋል። በልጅነቱ ያልፈታው ዕቃ አልነበረም፤ መልሶ ሲገጥም ግን ሁልጊዜ አንድ ብሎን ይተርፈው ነበር። አባታቸው ከሞተ በኋላ ከእናታቸው ጋር በቤተሰቡ ቤት የቀረው እሱ ነው። የእናታቸው መኝታ ክፍል በር ከፍ ያለ የእንጨት ደፍ ነበረው። ከክፍቱ ኮሪደር የዝናብ ውሃ እንዳይገባ ብሎ አባታቸው የገጠመው ነው። እናታቸው እግሯን ማንሳት እየከበዳት ሲሄድ ልጇ፣ ፋርማሲስቷ፣ በመጣች ቁጥር «ብሎን፣ ያንን ደፍ አንሳው» ትለው ነበር። «እሺ እታለም፣ ቅዳሜ» ይላታል። ቅዳሜ ይመጣል፤ የሰው አሳንሰር ይበላሻል፤ እሱም ወደዚያ ይሮጣል። እንዲህ እንዲህ ሲል እናታቸው ደፉ አደናቅፏት ወደቀችና የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ። ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ እህቱ ድምጿን እንኳ ሳታነሳ፣ «እናቴን የሰበራት ደፉ አይደለም፣ ቅዳሜህ ነው» አለችው። እሱም ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆኑ።

እናትየዋ ከሐኪም ቤት ስትወጣ ወደ ሴት ልጇ ቤት ነው የመጣችው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሁለት ክፍል፣ ባል፣ ሦስት ልጆች። የምትተኛው ከልጆቹ ጋር ነው። በምርኩዝ ከአልጋ እስከ ሳሎን ትሄዳለች፤ ደረጃ ግን አትችልም፤ መንገዱን የምታየው በመስኮት ነው። ብሎን እህቱ ሥራ ስትገባ ጠብቆ ይመጣና እናቱን አጫውቶ ይሄዳል። ፋርማሲስቷ ይህን የምታውቀው በሚተወው የብርቱካን ልጣጭ ነው።

አሁን ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ አንድ ምድር ቤት ተገኝቷል። ለሁሉም ይበቃል፣ ደረጃ የለውም። አከራዩ በወሩ መጨረሻ ቁርጡን ንገሩኝ ብሏል። ፋርማሲስቷ ልቧ እሺ ወደማለት አዘንብሏል። እናትየዋ ግን የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ወደ ቤቷ መመለስ።

«አዲሱ ቤት መልካም ቤት ይሆናል» አለች እናትየዋ ያን ቀን ጠዋት፣ ልጇ ጫማዋን ስታስር እያየች። «እዚያ ከገባሁ በኋላ ግን ከዚያ የምታወጡኝ ተሸክማችሁ ነው።»

«እማዬ፣ ጀመርሽ ደግሞ።»

«ብሎን ቤቱን አስተካክያለሁ ይላል።»

«ይላል።»

«ሄደሽ አይተሻል?»

«እሱ ሲል ስንት ዘመን ሰማሁት። ማለትማ ማን ብሎት።»

«እኔ ሄጄ ልየው እንግዲያ።»

«ብትወድቂስ?»

«ልምዱ አለኝ» አለች እናትየዋ።

ፋርማሲስቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወጣች።

ያን ዕለት መምህሩ ካርቶኑን ከፈተና የተቆራረጡ ሥዕሎች አወጣ። እያንዳንዱ ሥዕል ለሁለት ተቀዷል፤ ግማሹን የያዘ ሰው ሌላውን ግማሽ የያዘውን ፈልጎ ከእሱ ጋር ይሠራል። ተማሪዎቹ የቤት ሥራም ይዘው መጥተዋል፤ እያንዳንዱ የሚያውቀውን አንድ ክፍል በወረቀት ላይ ሥሎ፣ አሥር ዕቃ አድርጎበት፣ ለማንም ሳያሳይ አጥፎ ይዟል። ጨዋታው ቀላል ነው። ሁለት ሰዎች ጀርባ ለጀርባ ይቀመጣሉ። አንዱ ክፍሉን ይናገራል፤ ሌላው የሰማውን ይሥላል። በመጨረሻ ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ይቀመጡና ስንቱ እንደገጠመ ይቆጠራል።

ለፋርማሲስቷ የጃንጥላ እጀታ ደረሳት። ዞር ዞር ብላ ብትፈልግ የጃንጥላውን ራስ የያዘው ብሎን ነው።

«ጀርባ ለጀርባ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ በራሱ ቋንቋ፣ ለራሱ ያለ መስሎት። «እነዚህ መች ተዟዙረው ያውቁና ነው።»

መምህሩ ቃጭሉን ወርውሮ አቀበለው።

ፋርማሲስቷ ቀይሩልኝ ልትል ፈልጋ ነበር። ለምን ከተባለች ግን ምክንያቱን በዚያ ቋንቋ የምትናገርበት ቃል የላትም፤ በራሷ ቋንቋ ደግሞ ክፍሉ ሁሉ ይሰማል። ወንበሯን ገፍታ ተቀመጠች። የወንበሮቹ መደገፊያ ተጋጨ። ሲናገር ድምፁ በእንጨቱ በኩል ጀርባዋ ላይ ተሰማት።

«ክፍል ነው» አለ ብሎን። ሁሉም ገና በሕፃን አፍ ነው የሚናገሩት፤ ዓረፍተ ነገሩ ከሦስት ከአራት ቃል አያልፍም። «የእናቴ ክፍል ነው። ትልቅ አይደለም። አልጋ አለ። መስኮት አለ።»

«የእናቴ» ሲል የፋርማሲስቷ እርሳስ በራሱ ሄደ። አልጋውን ከመስኮቱ ሥር ሣለችው፤ እሷ ራሷ የተወለደችው እዚያ አልጋ ላይ ነው። ቁም ሣጥኑን ከቀኝ፣ ምንጣፉን ከመሃል አደረገች። እሱ ከኋላዋ ቃል እየፈለገ፣ እየቆመ፣ እንደገና እየጀመረ ይናገራል። «ግድግዳው ላይ ረጅም ብረት አለ» ሲል የመጋረጃውን ዘንግ ከመስኮቱ በላይ አሰመረች። እሱ ግማሹ ላይ ሳይደርስ እሷ ጨርሳ በመስኮት ታይ ነበር። መንገዱ ላይ ጎሚስታው አንድ ጎማ ውሃ ውስጥ እየነከረ ቀዳዳ ይፈልጋል።

መምህሩ መጥቶ ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አደረገ። በጣቱ እየነካ ቆጠረ። መስኮቱ ገጥሟል። ቁም ሣጥኑ ገጥሟል። ሌላ የገጠመ የለም።

«ሁለት» አለ። «ፀጉር አስተካካዩ እንኳ ሰባት አለው።»

ፋርማሲስቷ ፊቷ ቀላ። ጎበዝ ተማሪ ነበረች። ሳታስበው በራሷ ቋንቋ፣ «ክፍሉን አውቀዋለሁ እኮ» አለች። «ያደግሁበት ቤት ነው።»

 ፀጉር አስተካካዩ ተነስቶ ቃጭሉን ከራሱ አንገት ፈታና በሁለት እጁ፣ እንደ ሜዳልያ፣ አንገቷ ላይ አሰረላት። «አፍንጫ አይዋሽም ብያለሁ» ሊል አፉን ከፍቶ፣ ቃጭሉን አየና ዘጋው።

መምህሩ አንዴ እሷን አንዴ ብሎንን አየ። ይህ ጨዋታ የሚሠራው ክፍሉን ለማያውቅ ሰው ነው። የአንድ ቤት ልጆች አጣምሮ አያውቅም፤ ሳያውቅ አጣመረ። ሌላ ጥንድ ሊሰጣቸው እጁን ወደ ካርቶኑ ሰደደና መልሶ አወጣው። ንጹሕ ወረቀት ሰጣት።

«አታውቂውም» አላት ቀስ ብሎ፣ እንድትረዳው ቃላቱን እየለያየ። «ጠይቂ። ሳትጠይቂ አትሣዪ።»

እንደገና ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ። በተነቃነቀች ቁጥር ቃጭሉ ትንሽ ይጮኻል። 

«አልጋው የት ነው?» አለች በመጨረሻ።

«በሩ አጠገብ።»

«መስኮቱ ሥር አይደለም?»

«አይደለም። በሩ አጠገብ።»

«ለምን?»

«መታጠቢያ ቤቱ ቅርብ ነው።»

«መታጠቢያ ቤቱ ቅርብ አይደለም።» መታጠቢያ ቤቱ ከኮሪደሩ ጫፍ እንደሆነ ታውቃለች።

«ቅርብ ነው። አዲስ በር አለ።»

እርሳሷ ቆመ። ግድግዳውን ማፍረስ ነበረበት፤ መታጠቢያ ቤቱንም ማዛወር። ይህን ሁሉ መጠየቂያ ቃል አልነበራትም። ግድግዳው ላይ ሁለተኛ በር ሣለች።

«ብረቱ የት ነው?»

«ግድግዳው ላይ።»

«ላይ ነው? ታች ነው?»

ብሎን ቃል ሲፈልግ ሰማችው። «ላይ አይደለም» አለ። «ታች አይደለም። እጅ... እጅ ጋ።»

«የማን እጅ?»

«የእናቴ እጅ።»

«ከየት እስከ የት?»

«ከአልጋው እስከ መታጠቢያ ቤት።»

አሰመረች። ከአልጋው ራስጌ ጀምራ፣ በግድግዳው ዞራ፣ አዲሱ በር ድረስ።

«መብራት?»

«ሁለት። አንድ ትልቅ። አንድ ትንሽ፣ ወለሉ አጠገብ። ትንሹ ሁልጊዜ በርቷል።»

«ምንጣፍ?»

«የለም።»

«ወንበር አለ?»

«አለ። መስኮቱ ሥር። ወንበሩ ሁለት እጅ አለው።»

ሌሎቹ ጥንዶች ጨርሰዋል፤ ወረቀታቸውን እያነጻጸሩ ይስቃሉ። እሷ ግን አንድ ጥያቄ ቀርቷታል። ከሁሉም የሚበልጠው። በሕይወቷ ያንን ዕቃ በሌላ ቋንቋ ለመጥራት ያስፈለጋት ጊዜ አልነበረም፤ መምህሩም ደፍ በካርቶን ይዞ አልመጣም።

«በሩ...» አለች። «ከበሩ ሥር...»

«ከበሩ ሥር ምን?»

«እንጨት?»

 ይግባው አይግባው ፊቱን ሳታይ ማወቅ አልቻለችም። መልሱን ሳትሰማ መምህሩ አጨበጨበ፤ ሰዓቱ አልቋል።

ቃጭሉ ያለው እሷ ላይ ነው፤ ሰሌዳውን ጠረገች። ዞር ስትል ብሎን ከበሩ በኩል ያሉትን ወንበሮች እየደረደረ ነበር። እሷ ከመስኮቱ በኩል ጀመረች። መሃል ላይ ሲደርሱ አንድ ወንበር ቀረ። እሱ ለእሷ ትቶላት ወጣ።

እቤት ስትደርስ ወረቀቱን ለእናቷ ሰጠቻት። እናትየዋ መነጽሯን አድርጋ፣ ወረቀቱን አንዴ አቅርባ አንዴ አርቃ አየችው።

«ይሄ ድመት ምን ይሠራል መስኮቱ ሥር?»

«ወንበር ነው እማዬ።»

«ወንበር ጆሮ አለው እንዴ?»

«እጁ ነው። መደገፊያው።»

«አሃ።» እናትየዋ ጣቷን ብረቱ ላይ አድርጋ፣ ከአልጋው ተነስታ በወረቀቱ ላይ እስከ መታጠቢያ ቤት ሄደች። ደርሳ መለሰችው። ለሁለተኛ ጊዜ ሄደች። «ነግሬሽ አልነበር?» አለች።

«የነገርሽኝ አስተካክያለሁ ይላል ብለሽ ነው። ግድግዳ አፈረሰ አላልሽም።»

«እሱስ ለኔ መች ዘርዝሮ ነገረኝ። ከሁለት ቃል በላይ አይናገርም፣ ያንቺው ወንድም።» ጣቷ በሩ ላይ ቆመ። «ደፉስ?»

«አልጠየቅሁትም።»

«ለምን?»

«ስሙን አላውቀውም።»

«ስሙማ ደፍ ነው። ረሳሽው?»

«በእኛ ቋንቋ አንነጋገርም እማዬ።»

እናትየዋ መነጽሯን አወለቀች። «በሰው አፍ የሚታረቅ ወንድምና እህት ዛሬ ገና አየሁ።»

«አልታረቅንም። ቤት ነው የሣልነው።» ከዚያ ትንሽ ቆይታ፣ «አንቺስ ለምን አልጠየቅሽውም?» አለቻት።

«ፈራኋ» አለች እናትየዋ። «ቅዳሜ ይለኛል ብዬ።»

በሚቀጥለው ትምህርት ቀን ፋርማሲስቷ ቀድማ ደረሰች። መምህሩ ካርቶኑን እንዳስቀመጠ አጠገቡ ሄዳ እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች፤ ቃጭሉን አወጣችና በገዛ እጇ አንገቷ ላይ አሰረች።  ወደ በሩ፣ ብሎን ወደተቀመጠበት ሄደች። ቃጭሉ አብሯት እየጮኸ፣ ክፍሉ ሁሉ እያየ።

«ደፉን አነሳኸው?» አለችው በራሳቸው ቋንቋ።

ብሎን ቀና ብሎ አያት። በዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ፊት ለፊት የተያዩት። ከጆሮው በላይ ሽበት አብቅሏል።

«ነይና እዪው» አላት። «ቅዳሜ...»

ቃሉ ከአፉ ወጥቶ መሃላቸው ቆመ። ሁለቱም ሰሙት።

«ዛሬ» አለ ብሎን። «ከዚህ ስንወጣ። ዛሬ ነይ፣ እታለም።»

«አሁን ቃጭሉ የማን ነው?» አለ ፀጉር አስተካካዩ በራሱ ቋንቋ፣ እና ጥያቄውን ራሱ መለሰ።

ትምህርቱ ሲያልቅ ፀጉር አስተካካዩን ከነቃጭሉ ሰሌዳው ሥር ትተውት ወረዱ። በአውቶቡሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ብዙም አላወሩም። ስለ አሳንሰር ጠየቀችው፤ ስለ ልጆቹ ጠየቃት። ቤቱ ሲደርሱ ብሎን ቁልፉን ከፍቶ እሷ ትቅደም ብሎ ቆመ።

ወረቀቱን እንደያዘች በኮሪደሩ አልፋ ወደ ክፍሉ ገባች። አልጋው በሩ አጠገብ ነው። ቁም ሣጥኑ በቦታው ነው። ብረቱን በአንድ እጅ ያዘችው፤ ከዚያ ቦርሳዋን ጥላ በሁለት እጇ ተንጠለጠለችበት፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ መላ ሰውነቷን ለቃ። አልተነቃነቀም። ብሎን ሥራውን የሚፈትሽ ሰው ለምዷል። መታጠቢያ ቤቱን አየች። ከወለሉ አጠገብ ያለችውን መብራት በእጇ ከለለቻት፤ በርታለች። ወንበሩ በእርግጥም ሁለት እጅ አለው፤ ድመት አይመስልም።

ለመጨረሻ ያቆየችውን ልታይ ወደ በሩ ዞረች። ያኔ ነው የገባት። ከገባች ቆይታለች። ልጅ ሆና፣ አግብታ፣ ወልዳ፣ በዚያ በር ስትገባ እግሯ ሳይታዘዝ ራሱ ከፍ ይል ነበር፤ ዛሬም ከፍ ብሎ ይሆናል፤ ያረፈው ግን ደልዳላ ወለል ላይ ነው፤ እሷ ወረቀቱን እያየች አላስተዋለችም። በበሩ ስፋት ልክ፣ ከቀረው ወለል ነጣ ያለ የሲሚንቶ መስመር ብቻ ይታያል። ቁጢጥ ብላ በመዳፏ ዳበሰችው። ከዚህም ከዚያም እኩል ነው።

«መቼ ነው ያነሳኸው?»

«ከሐኪም ቤት የወጣሁ ዕለት» አለ ብሎን። «በመዶሻ። አባባ እንዴት አድርጎ እንደገጠመው፤ አልወጣም ብሎ ሲያታግለኝ ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ማን ሊያምነኝ?»

 ተነስታ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እጇን መደገፊያው ላይ አደረገች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ለአከራዩ ደወለች። «ቤቱን ለሌላ ሰው ይስጡት፣ ይቅርታ» አለችው፤ ሰውየው ሲነጫነጭ እስኪጨርስ ጠብቃ ዘጋችው።

«ከሦስተኛ ፎቅ እንዴት ነው የምናወርዳት?» አለች።

ብሎን አስቦበት ኖሯል። «በዚሁ ወንበር። ወንበሩን ይዤ እመጣለሁ። አንቺና ባልሽ ከላይ ትይዛላችሁ፣ እኔ ከታች ሆኜ ወደ ኋላ እወርዳለሁ።»

«እኔ ከታች ልሁን። አንተ ጉልበት አለህ፣ ከላይ ያዝ።»

«የሚከብደው ከታች ነው፣ እታለም። አሳንሰር እኮ ነው ሥራዬ።»

«እሺ። መቼ?»

ብሎን አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ወለሉን፣ ነጩን መስመር አየ።

«ቅዳሜ» አለች እሷ።